አይነቃነቄና የእህቱ ድራም

ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። እኔ የልብስ ስፌት ቤቴን ከእንጨት ሥራ ቤቱ አጠገብ ስከፍት ሰፈሩ በሙሉ አይነቃነቄ እያለ ነበር የሚጠራው፤ እኔም ስደርስ ያገኘሁትን ስም ተቀበልኩ። እሱም ስሙን ይወደዋል። ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ነው። ሳንቃው ስስ ነው፤ እሱ አልሠራውማ።

አይነቃነቄ በዓለም ላይ ያለው እንጨት ሁለት ዓይነት ነው ብሎ ያምናል፤ ወፍራምና ውሸታም። ጠረጴዛ ያዘዘው ሰው ዕቃውን ሊወስድ የሚመጣው ወንድሞቹንና አማቾቹን አስከትሎ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት አስተማሪ አልጋ ሠራላትና እዚያው ክፍሏ ውስጥ ገጣጠመው። አስተማሪዋ ቤት ስትለቅ አልጋው በበሩ አልወጣ አለ። ቢፈቱት አይፈታ፣ ቢያዘነብሉት አይዘነብል። ትታው ሄደች። ከሷ በኋላ የገባውም ትቶት ሄደ። አከራዩ ዛሬም ክፍሉን ሲያከራይ «አልጋ አለው» ይላል፤ «ክፍል ያለው አልጋ ነው» ቢል ለእውነት ይቀርብ ነበር። ለባለ ሱቁ የሠራለትን በር ደግሞ ሌቦች ታግለው ታግለው ሲያቅታቸው የጎረቤቱን ሱቅ ዘረፉ። ባለ ሱቁ እስካሁን አይነቃነቄን ይመርቃል፤ ጎረቤትየው ይረግማል። እኔም የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ አሠርቼ ነበር። መጀመሪያ ቀን ከተቀመጠበት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም፤ ሱቁ ቀለም ሲቀባ እንኳ ቀለም ቀቢው ዙሪያውን ነው የሚሄደው።

«ትንሽ ሳሳ ብታደርገውስ?» የሚል ደንበኛ ከመጣ መላጊያውን ያስቀምጥና ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል።

«ምን ልታስቀምጥበት ነው? ወረቀት?»

ከዚያ በኋላ የሚከራከረው የለም።

ይህ ሰው አንዲት ታናሽ እህት አለችው። እናታቸው ስታርፍ እሷ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ አባታቸው አስቀድሞ ሞቷል። ስለዚህ ያደገችው እዚያው ሥራ ቤት ውስጥ፣ ሰጋቱራ ላይ ተቀምጣ ነው። ነርስ እንድትሆንለት ይመኝ ነበር። እሷ ግን በሁለት የመሮ እጀታ ያገኘችውን ሳንቃ ሁሉ ስትደበድብ አድጋ ድራመር ሆነች። በሠርግ አዳራሽ ከሚጫወት አንድ ባንድ ጋር ትሠራለች። ቀጭን ናት፤ ክንዷ ከዱላዋ ብዙም አይወፍርም። አይነቃነቄ ባያት ቁጥር «ይቺን ልጅ ንፋስ ይወስዳታል» ይላል፤ የሚወዳትም በዚያው ልክ ነው።

አንድ የክረምት ሰኞ ድራሟን በጋሪ አስጭና መጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ዚፕ እየፈታሁ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አበጠብኝ» አለችው።

ደንግጦ ብድግ አለ። «ምንሽ ነው ያበጠው?»

«ድራሜ።»

የባንዱ ዕቃ ቤት ጣሪያው አፍስሶ ውኃው እላዩ ላይ ሲንጠባጠብ ሰንብቷል። ከሰው እጅ የገዛችው አሮጌ ድራም ነው። ብረቱና እላዩ የሚመታው ፕላስቲክ ምንም አልሆነም፤ የትልቁም የትናንሾቹም ክብ የእንጨት ቀፎ ግን ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ አብጦ ተልጧል። አይነቃነቄ በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ዱቄት ሆነ። አሸተተው። ከዚያ ጥፍሩን በሱሪው ጠረገ።

«ይሄ እንጨት አይደለም» አለ። «የእንጨት ወሬ ነው። ሰጋቱራ በሙጫ አቡክተው ነው የሸጡልሽ።»

«ቀፎውን ብቻ ሥራልኝ። ሌላው ደህና ነው።»

«ምን ያህል ይወፍር?»

«አንተ እንዳወቅህ።»

አይነቃነቄን እንዳወቅህ ማለት ጅብን ሥጋ ጠብቅልኝ ማለት ነው። በሬ ላይ እንደቆምኩ ሰማኋትና «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቁጥር ንገሪው!» ልል ቃጣኝ። ግን የወንድምና የእህት ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት።

ለሰው ጠረጴዛ እንዳያውለው ሲሳሳለት የኖረ አንድ የወይራ ግንድ ነበረው። አወጣው። ግንዱን እየሰነጠቀ፣ ጎን ለጎን በኮላ እየገጠመ፣ እንደ ጉድጓድ አፍ ክብ አድርጎ አቆመው። የትልቁም የትናንሾቹም ውፍረት ሁለት ጣት ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ቫርኒሽ ሲቀባው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ያለ ውብ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ማር ይመስላል። የሚመታው ሳይሆን የሚላስ ነገር ነው የሚመስለው። ችግሩ የታየው ሊወሰድ ሲል ነው። በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም የባንዱ ወንዶች ተጋግዘው ጋሪ ላይ ሲጭኑት የጋሪው ጎማ ፈነዳ።

«አየሽ?» አላት አይነቃነቄ በኩራት። «ይሄ ዕቃ ነው!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀን ላይ ሠርግ ነበር። የሚዜዎቹን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ተጠርቻለሁ፤ ቀሚሶቹ በልካቸው መሆናቸውን ለማየት በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘፋኙ ማይኩን ያዘ፤ ልጅቷ ዱላዋን አጋጭታ ትልቁን ድራም በእግሯ መታች።

ቋ!

የአዳራሹ በረኛ ቀና አለ። ሄዶ በሩን ከፈተ፤ ወደ ውጭ አየ፤ ማንም የለም። ዘጋው።

ቋ! ቋ!

እንደገና ከፈተ። በረኛው ጨዋ ሰው ነው፤ በከፈተ ቁጥር ጎንበስ ይላል። የሙሽራው አጎት ከጠረጴዛቸው ሆነው «ኧረ ሰው ውጭ ቆሞ ያንኳኳል፣ አስገቡት እንጂ!» አሉ። ሰዎች አንገታቸውን እየጠመዘዙ ወደ በሩ ያያሉ። ልጅቷ ስትመታ በሩ ይከፈታል፤ ስትመታ ይከፈታል። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ደግሞ በር ተከፍቶ፣ ኮት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲቀበለው ምን ያድርግ? ገባ። መጀመሪያ አንድ ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ገባ፤ ቀጥሎ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴትዮዎች፤ ቀጥሎ የስፖርት ልብስ የለበሱ ጎረምሶች። የሙሽራዋ ወገን የሙሽራው ዘመድ መስሏቸው አስተናገዷቸው፤ የሙሽራው ወገንም የሙሽራዋ ዘመድ መስሏቸው አከበሯቸው። ሴትዮዎቹ ሙሽሮቹን ሳይቀር ስመዋል።

የባሰበት ግን ዘፋኙ ነበር። ያ ወፍራም ወይራ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው፤ ግን እንደ ጥፊ ጆሮ ላይ ያርፋል። ዘፋኙ እሱን ለመብለጥ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ ከእረፍት በፊት ድምፁ ተዘጋ። ቀሪውን ዘፈን በእጁ እያሳየ ጨረሰ። የሚጨፍረውም ሰው ግራ ገብቶት ነበር። ድምፁ እግር ውስጥ አይገባም፤ ግንባር ላይ ነው የሚቀረው። ሰው በግንባሩ አይጨፍርም።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ መጣች። እኔ ማሽኔን አቆምኩ፤ እንዲያ ያለ ነገር ላይ ማሽን ማስጮህ ነውር ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ድራም ሥራልኝ አልኩህ እንጂ በር ሥራልኝ አላልኩህም!»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። በዛ! ስመታው መልሶ ይመታኛል።»

«መቶ ዓመት ይኖርልሻል።»

«መቶ ዓመት ቋ ቋ ሲል ልኑር?»

«ሰው በደግ ሠራሁልሽ ሲል...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ጀርባውን ሰጣት። መላጊያውን አንስቶ የማይላግ ነገር መላግ ጀመረ። እሷም ወጥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ተኮራረፉ። እሱ ሲያኮርፍም እንደ ሥራው ነው፤ ከተቀመጠበት አይነሳም።

ያስታረቀቻቸው ሚስቱ ናት። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያቸው ጋር አንድ ግቢ ነው፤ ሴትየዋ ልብስ ስታጥብ ባሏ በር ላይ ተክዞ እያየ አላናግር ብሏታል። ተነሳችና ከማዕድ ቤት ከባዱን ብረት ድስት አመጣች፤ ልብስ የምታጥብበትን የቆርቆሮ ሳፋ ደፋችው፤ ጭልፋ ያዘች።

«ስማ» አለችና ድስቱን መታችው። ጭልፋው ነጥሮ ተመለሰ። «ይሄ አንተ ነህ። ቢመቱህም ቢለምኑህም ያው ነህ፤ የመጣብህን መልሰህ ለሰው ትሰጣለህ።» ሳፋውን መታችው። ሳፋው ዝቅ ባለ ድምፅ ጮኸ፤ ጭልፋውን ካነሳች በኋላም ሲያጉረመርም ቆየ። «ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ። ትንሽ ሲነኩኝ ሁለንተናዬ ይሰማዋል። ልጅቷ የፈለገችው እኔን ነው እንጂ አንተን አይደለም።»

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ» አለ አይነቃነቄ።

አለ እንጂ ነገሩ ገብቶታል። ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ኳ፣ ኳ ሲል ሰማሁት። በሳንቃው ስንጥቅ ሳይ፣ ያለውን እንጨት ሁሉ እየደረደረ በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ እንደገና ያንኳኳል። ወይራው ይጮሃል። ጥዱ ይነጫነጫል። ዝግባው ለሁሉም እሺ የሚል ዓይነት ነው፤ ክፉም አይወጣው፣ ጎልቶም አይሰማ። ዋንዛው ዘንድ ሲደርስ ግን ቆም አለና ደጋግሞ መታው። ዋንዛ ሆደ ሰፊ ነው፤ ድምፁ ወፈር ብሎ ይመጣና ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሄደው። ደግሞ ያው ዋንዛ ወፍራሙ ሌላ፣ ስሱ ሌላ ይላል። ወፍራሙ ከፍ ብሎ ቶሎ ዝም ይላል፤ ስሱ ዝቅ ብሎ ይሰነብታል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ የተሰማውን አላውቅም፤ ብቻ እኔ ሱቅ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬን አንኳኳው። ቋ አለ። አንገቱን ነቅንቆ ወጣ።

እህቱን አስጠራት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ «ዋንዛ ልሞክር» ብቻ አላት። እሷም ይቅርታ አልጠበቀችም።

«ስመታው ከእኔ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው የምፈልገው» አለችው። «እምቢ የሚለኝ አይደለም።»

ዋንዛውን ሲልግ ማየት አንጀት ይበላል። አንድ ጊዜ ላግ ያደርግና ያቆማል፤ በጣቶቹ መሃል ይዞ ይለካል፤ «ይበቃል አይደል?» ይላታል። «ገና ነው» ትለዋለች። እንደገና ይልጋል፤ ፊቱ የራሱን ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ይመስላል። በመጨረሻ ተናደደ መሰለኝ፣ «ስስ አልሽ አይደል? እንኪ ስስ!» ብሎ እንደ ካርቶን አሳሳው። ገጠሙት፤ ፕላስቲኩን አለበሱት፤ ልጅቷ ብሎኖቹን ማጥበቅ ጀመረች። ጢጥ አለ። ትንሽ ጠበቅ ስታደርገው እንደ እንቁላል ድቅቅ አለ።

«አላልኩሽም!» ብሎ ዘለለ አይነቃነቄ። «አላልኩም! ስስ ውሸታም ነው! ጎረቤት፣ ና እይ!» ብሎ እኔንም ጠራኝ።

ሄጄ ሳይ ልጅቷ ስባሪውን ይዛ ታለቅሳለች። እሱም አያት። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረና የት እንደሚያደርሰው ጠፋው። «እሺ፣ እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ መላ አለ። ሌላ መላ አለው።»

መላው ይህ ነበር። ዋንዛውን እንደ ጨርቅ እያሳሳ ይቆርጥና በፈላ ውኃ ይነክረዋል፤ ሲለሰልስ በክብ ነገር ላይ ይጠመጥመዋል፤ በላዩ ኮላ ቀብቶ ሌላ ስስ ይደርብበታል። የአንዱ ጅማት በቁም ከሄደ የሌላው በአግድም። እኔም ገበር ስሠራ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ሁለት ስስ ጨርቅ አቅጣጫው ተለያይቶ ሲሰፋ አንድ ወፍራም ጨርቅ የማይችለውን ይችላል። ይህን ነገርኩትና «አንተ ዝም ብለህ ቁልፍህን ስፋ» አለኝ። ግን ሰምቶኛል።

ክብ ነገር የተባለው የሚስቱ የውኃ በርሜል ነው። ልኩ ልክክ አለለት። ሴትየዋ ዘመድ ልትጠይቅ ለጥቂት ቀን በሄደችበት ውኃውን ደፍቶ በርሜሉን ሥራ ቤት አስገባ፤ ጠመጠመ፣ ቀባ፣ ደረበ፣ በገመድ አሰረ። ሁለት ቀን አደረቀው። ሊያወጣው ቢል አልወጣ አለ። ቢስበው፣ ቢያዞረው፣ በመዶሻ ቀስ ቀስ ቢያደርገው ወይ ፍንክች። በርሜሉና ድራሙ አንድ ሥጋ ሆነዋል። እሱ ኮላ ሲቀባም እንደ ሌላው ሥራው ነው፤ ለዘላለም ነው የሚቀባው። እህቱ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላ ጎን ሆነን ስንጎትት ሚስቱ ከበሩ ብቅ አለች።

«በርሜሌ የት አለ?»

ሦስታችንም የምንጎትተውን እንደያዝን ቆምን።

«ድስቱን ነው ያሳየሁህ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ፤ ቀስ ብላ ስትናገር ነው የሚያስፈራው። «ሳፋውን ነው ያሳየሁህ። በርሜሉን አንስቻለሁ?»

በርሜሉ በቆርቆሮ መቀስ ተቆርጦ እየተጠቀለለ ከውስጥ ወጣ። አይነቃነቄ አዲስ በርሜል እስኪመጣ ድረስ ውኃ በጀሪካን የሚቀዳው ራሱ እንዲሆን ተፈረደበት፤ ይግባኝም አላለም። የሚገርመው የወጣው ቀፎ ነው። ቀጭን፣ ቀላል፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። አይነቃነቄ ግን እንደ እንቁላል የደቀቀውን አልረሳም፤ ከላይና ከታች አፉ ላይ ከውስጥ በኩል ወፈር ያለ የወይራ ቀለበት አስገባለት። «ይቺን አትከልክይኝ» አላት እህቱን። አልከለከለችውም፤ ብሎኑን ስታጠብቅ ነው ያመሰገነችው። ምንም ጢጥ አላለም።

በእግሯ መታችው። ዱም አለ። ዝቅ ያለ፣ ክብ ድምፅ ነው፤ በጆሮ ሳይሆን በሆድ በኩል የሚገባ። እኔ የያዝኩት ጨርቅ ሲርገበገብ ተሰማኝ። አይነቃነቄ ቀስ ብሎ መጥቶ መዳፉን ቀፎው ላይ አሳረፈ።

«ምቺው።»

መታችው። እሳት እንደነካው ሰው እጁን መነጨቀ።

«ይንቀጠቀጣል!»

«አዎ» አለች።

«ተበላሽቷላ!»

«ኧረ ወንድም ጋሼ! እንዲህ ነው መሆን ያለበት!»

እንደገና እጁን አሳረፈ። በዚህ ጊዜ አላነሳውም። እሷ ዝም ብላ በቀስታ ትመታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ «እንግዲህ ሊያለቅስ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። አላለቀሰም። «ከታች በኩል አንድ ቦታ ኮላ በዝቶበታል» ብሎ ብቻ ሄደ።

የቀሩትንም ከዋንዛ ሠራላት። ከፊቷ የሚቀመጠው ትንሹ ድራም ላይ ሲደርሱ ግን ልጅቷ ራሷ እምቢ አለች። እሱ ሹል ድምፅ ነው የሚፈልገው፤ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ ነው አለች። ስስ ዋንዛ ሠርቶ ቢያሰማት «ይሄ እንቅልፍ አለበት» አለችው። ዓይኗ ተመልሶ መጥቶ ጥግ ላይ ወደተጣለው የወይራ ቀፎ ሄደ። አይነቃነቄ አያት፤ የሰማውን ማመን አቅቶት ነበር። ከዚያ ከወይራው ዝቅ ያለ ቁራጭ በመጋዝ አወጣ። ውፍረቱን አልነካውም። ሲመታ ጧ ብሎ ልብስ የሚቀድ ድምፅ አወጣ፤ ከዋንዛዎቹ መሃል ሆኖ ሲሰማም እንደ ቁምነገረኛ ሽማግሌ ነው፤ ሌሎቹ ሲያወሩ እሱ በየመሃሉ አንድ ቃል ይናገራል። ያን ቀን አይነቃነቄ ሲያፏጭ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ተፈላጊ ሆነ። ዘፋኙ ድምፁ ተመለሰለት፤ እንደውም ሳይጮህ መዝፈን ለመደና ሰው ድሮም እንዲህ ጥሩ ነበር ወይ ማለት ጀመረ። ሌሎች ድራመሮችም በየጊዜው ወደ ሥራ ቤቱ ብቅ ይላሉ። አይነቃነቄ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰውየውን የሆነ ሳንቃ ላይ ማስመታት ነው። በኃይል የሚመታ ከሆነ ወፈር ያለውን፣ እጁ ለስላሳ ከሆነ ስሱን ይሰጠዋል። የሚጫወትበትን ቤትም ይጠይቃል፤ ትልቅ አዳራሽ ከሆነ አንድ ነገር፣ ጠባብ ክፍል ከሆነ ሌላ። የቤት ዕቃውን ግን እንደ ድሮው ነው የሚሠራው። አንዱ ደንበኛ «ድራም ላይ ስስ እየሠራህ ለኔ ቁም ሳጥን...» ብሎ ሲጀምር፣ «ቁም ሳጥንህን በዱላ ትመታዋለህ?» አለውና ነገሩ አለቀ።

ባለፈው ዓመት ባንዱ ሩቅ አገር ላለ ሆቴል ለረጅም ጊዜ ተቀጠረና ልጅቷ ድራሟን ይዛ ሄደች። አይነቃነቄ እሑድ እሑድ ይደውልላታል፤ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርገው እኔም አብሬ እሰማለሁ።

«እንዴት ናቸው?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄው።

«ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ፣ ስለጠየቅኸኝ።»

«መስኮት አጠገብ አላስቀመጥሻቸውም?»

«አላስቀመጥኩም።»

«ማታ ታለብሻቸዋለሽ?»

«ወንድም ጋሼ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ። አንድ ሰው... ሽማግሌ ልላክ እያለኝ ነው። ጊታሪስታችን ነው።»

ሚስቱ ስልኩን ልትቀማው እጇን ዘረጋች፤ እሱ በትከሻው ከለከላት።

«ከዚህ ወደዚያ ስትዞሩ» አለ በመጨረሻ፣ «ትልቁን ማን ነው የሚሸከመው?»

«እሱ ነዋ።»

«ጥሎት ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«በይ ይምጣ» አለ፤ ስልኩንም ለሚስቱ ሰጣት።